14 ግንብ፣ 10 ቀን፣ አንድ ድንኳን

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ለንደን ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን፤ እስካሁን አብረን እረፍት ወጥተን አናውቅም። ዘንድሮ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለ10 ቀን በመኪናችን ስኮትላንድ ሄደን የድሮ ግንቦችን ለማየት ተስማምተናል። እሱ 14 ግንብ መርጦ በየምሽቱ ከምናየው ግንብ አጠገብ ድንኳን ተክለን እንደር ይላል። ‹ስኮትላንድ ውስጥ የትም ማደር በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ለማደሪያ ሳንቲም አናወጣም› ባይ ነው። እኔ ድንኳን ውስጥ አድሬ አላውቅም፤ ዝናቡንና ብርዱን እፈራለሁ። በዚያ ላይ ፍልሰታን እጾማለሁ። ሆቴል ይሁን ብዬ ተጨቃጨቅን። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እህታችን፣ ባለቤትሽ ስለ ሕጉ የተናገረው ግማሹ ልክ ነው፤ አንቺም ስለ ዝናቡ ልክ ነሽ። የተከራከራችሁበት ነገር ግን ዋናው አይደለም። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያበላሸው በየቀኑ ጓዝ ጠቅልሎ መነሣት ነው፤ ሆቴልም ሆነ ድንኳን ያው ነው።

እስቲ አንዱን ቀን ቁጠሩት። የረጠበ ድንኳን አራግፎ፣ አጣጥፎ፣ ፍራሹን አስተንፍሶ ዕቃውን መኪና ውስጥ ለመደልደል ለጀማሪ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በምዕራብና በሰሜን ስኮትላንድ መንገድ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል፤ 150 ኪሎ ሜትር ማለት እንግዲህ ሦስት ሰዓት ነው። ምሳና ነዳጅ ሲጨመርበት ቀኑ ይመሻል። አብዛኞቹ ግንቦች ደግሞ የመጨረሻውን ጎብኚ የሚያስገቡት ከመዘጋታቸው ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው ነው። ሮጣችሁ ደርሳችሁ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ በካፊያ ውስጥ እንደገና ድንኳን መትከል ይከተላል። በሦስተኛው ቀን ጠብ ይነሣል፤ የሚነሣውም መዶሻውን ማን የት እንዳስቀመጠው ነው።

ስለዚህ 14ቱን ወደ 8 አውርዷቸው፤ ሰፈራችሁንም ሦስት ብቻ አድርጉ። ስተርሊንግ አጠገብ ሦስት ሌሊት፣ ግሌንኮ ወይም ፎርት ዊልያም አካባቢ ሦስት ሌሊት፣ ምሥራቅ ጠረፍ ስቶንሄቨን ሁለት ሌሊት። ዘጠነኛውን ሌሊት ወደ ለንደን በሚያስመልሰው መንገድ ላይ ጣሪያ ያለው ክፍል ተከራዩ። ከስቶንሄቨን እስከ ለንደን 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ካልጨረስነው አትበሉ፤ ቤሪክ ከተማ አካባቢ ማደር መንገዱን ይከፍለዋል። ሆቴል ያልሽው ያኔ ይደርስልሻል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ2003 በወጣው የስኮትላንድ የመሬት ሕግ መሠረት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ማንም ሰው ባልታጠረና ባልታረሰ መሬት ላይ በትንሽ ድንኳን ሊያድር ይችላል፤ ጥቂት ሰው ሆኖ፣ በአንድ ቦታ ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሊት ሳያልፍ፣ ምንም ሳይተው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ አጠቃላይ መብት ስለሌለ ባለቤትሽ መደነቁ አይፈረድበትም። ነገር ግን መብቱ የመኪና አይደለም። መኪና ውስጥ ወይም መኪናውን ሣር ላይ አውጥቶ ማደር አይጨምርም። የሰው ቤት ግቢን፣ ሰብል ያለበትን እርሻና በክፍያ የሚገባበትን ቅጥርም አያካትትም። የምትጎበኟቸው ግንቦች አብዛኞቹ የኋለኛው ዓይነት ናቸው።

ሰው የሌለባቸው፣ ያለ ክፍያ የሚገባባቸው ፍርስራሾች ቢሆኑ እንኳ ዙሪያቸው በ1979ኙ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ የተጠበቀ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚገባ ካስማ ገና ያልተቆፈረ የቅርስ ንጣፍ ውስጥ ይገባል፤ እሳት ደግሞ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ማበላሸቱ በወንጀል ያስጠይቃል። በሎክ ሎመንድና ትሮሳክስ ብሔራዊ ፓርክም ከመጋቢት 1 እስከ መስከረም 30 (በፈረንጅ) በሐይቆቹ ዳር በተከለሉት ቦታዎች ያለ ፈቃድ ማደር አይቻልም። ከስተርሊንግ ወደ ምዕራብ ስትወጡ የምታልፉት በዚሁ ፓርክ ውስጥ ነው፤ «ሐይቁ ያምራል፣ እዚሁ እንደር» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው።

ባለቤትሽ የምሩን አንድ ሌሊት በዱር ማደር ከፈለገ ከምዕራቡ ሰፈር አንዱን ሌሊት ስጪው። መኪናውን ሕጋዊ ማቆሚያ ላይ ትታችሁ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር በእግር ግቡ። ምግብ በጋዝ ምድጃ ብቻ። ለመጸዳዳት ከውሃና ከመንገድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቃችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ወረቀቱን አትቅበሩት፣ በላስቲክ ይዛችሁ ውጡ። የቀሩትን ሌሊቶች ሻወር፣ ሽንት ቤትና የዕቃ ማጠቢያ ባለበት የካምፕ ቦታ እደሩ። ለጀማሪ ሙቅ ሻወር የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የበሰበሰ ሰው ቶሎ የሚሞቀው በእሱ ነው።

ከለንደን እስከ ስተርሊንግ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሡ፤ በነሐሴ መጀመሪያ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ (በእኛ አቆጣጠር) ስለሆነ በብርሃን ድንኳን ለመትከል ጊዜ ይኖራችኋል። በማግስቱ ስተርሊንግን ጧት በሩ ሲከፈት ግቡ። ታላቁ አዳራሽ በ1503 አካባቢ ለንጉሥ ጄምስ 4ኛ የተጠናቀቀ ነው፤ ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው «አበላሹት» ይላል። ቢጫው በ1999 የተመለሰ የኖራ ቅብ ነው፤ በጥንቱ ዘመን ግንቦች እንዲህ ይለሰኑ ነበር። ጥቁር ራቁት ድንጋይ የቆየ ይመስለናል እንጂ ልስኑ የረገፈበት ግድግዳ ነው። ማርያም ንግሥተ ስኮትላንድ በ1543 የዘጠኝ ወር ሕፃን ሆና ዘውድ የጫኑላትም እዚሁ ግቢ በነበረው የቀድሞ ቤተ ጸሎት ነው። በቲኬቱ ውስጥ የተካተተ አስጎብኚ ስላለ እሱን ጠብቁ።

ከሰዓት በኋላ 13 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ዱን ግንብ ሂዱ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኦልባኒው መስፍን የተሠራ ነው፤ የወጥ ቤቱ ምድጃ ቅስት ከ5 ሜትር በላይ ስፋት አለው። የአንድ መስፍን ቤት እንዴት ይተዳደር እንደነበር ለማየት ከትልልቆቹ ይልቅ ይሄኛው ይሻላል። ኮሪደሩ ጠባብ፣ ደረጃው ጠመዝማዛና የተበላ ነው፤ የእጅ ቦርሳችሁን መኪና ውስጥ ተዉት።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ለኢትዮጵያዊ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከስተርሊንግ በስተደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላርበርት በምትባል ከተማ፣ በድሮው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በእኛ ታሪክ «የአባይ ምንጭ ፈላጊ» ተብሎ የሚታወቀው ጄምስ ብሩስ ተቀብሯል። በ1770 ጎንደር ገብቶ የመጽሐፈ ሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ የወሰደው ሰው ነው፤ በ1794 ቤቱ ውስጥ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ለሚስቱ ያቆመው ከብረት የተጣለ ሐውልት አሁንም አለ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ክፍያ የለውም።

ኤድንብራ በነሐሴ ሌላ ነገር ነው። ከተማው በፌስቲቫል ይጨናነቃል፣ በግንቡ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ወታደራዊው የሙዚቃ ትርኢት ይካሄዳል፣ የግንቡ ቲኬትም ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የመግቢያ ሰዓቱን ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ቁረጡ፤ የጧቱን የመጀመሪያውን። መኪናውን ሰፈር ትታችሁ ከስተርሊንግ በባቡር ሂዱ፣ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። መኪና ከያዛችሁ ልብ በሉ፦ ለንደን ላይ ያረጀ መኪና 12 ፓውንድ ከ50 ከፍሎ ይገባል፤ ኤድንብራ፣ ግላስጎው፣ አበርዲንና ዳንዲ መሃል ግን ከፍሎ መግባት የሚባል የለም። የጭስ ልቀት ደረጃውን ያላሟላ መኪና በ60 ፓውንድ ይቀጣል፣ ሲደጋገምም እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ደረጃውም ለናፍጣ መኪና ዩሮ 6፣ ለቤንዚን መኪና ዩሮ 4 የሚባለው ነው።

ግንቡ ውስጥ በ1130 አካባቢ የተሠራችውን የቅድስት ማርጋሬት ቤተ ጸሎት ከማንም በፊት እዩ፤ ጠባብ ናት፣ ኋላ ሰልፍ ይበዛባታል። መድፉ ከእሁድ በቀር በየቀኑ ከቀኑ 7 ሰዓት ይተኮሳል፤ ስትሰሙት አትደንግጡ። ስትወጡ ከግንቡ ሥር በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱ እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በፈቃዷ መለሰችው፤ አዲስ አበባ ሲገባ በ2002 ሕዝቡ በእልልታ ነው የተቀበለው። በፍልሰታ ለምትጾሚው ለአንቺ ይህ ግንቡ ውስጥ ከሚታየው የስኮትላንድ ዘውድ ይልቅ ሊመስጥሽ ይችላል።

በአራተኛው ቀን ወደ ምዕራብ ስትሻገሩ በኤ85 መንገድ ሎክ ኦው ዳር ኪልኸርን ግንብን ታገኛላችሁ፤ ከስተርሊንግ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክፍያ የለውም፣ ጠባቂም የለውም። በ1450 አካባቢ የካምቤሎች ጎሳ የሠራው ነው፤ በ1760 መብረቅ ከመታው በኋላ ሰው አልኖረበትም። ግቢው ውስጥ ተገልብጦ የወደቀ የማማ ጫፍ አለ፤ የግንበኛውን ሥራ ከሥሩ የምታዩበት ብርቅ አጋጣሚ ነው። መንገዱ በባቡር ድልድይ ሥር ያልፋል፤ ሐይቁ ሲሞላ ውሃ ይተኛበታል፣ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደ ግሌንኮ ስትወጡ ስቶከር ግንብን በውሃ መሃል ታያላችሁ። የግል ስለሆነ ቀድሞ ካልተያዘ በቀር አይገባም፤ ከመንገዱ ፎቶ አንሥታችሁ እለፉ።

አይሊን ዶናንን ሁሉም ሰው ይወደዋል፤ ከግሌንኮ 135 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእሱ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ሦስት የባሕር ክንዶች በሚገናኙበት ደሴት ላይ ነው። የምታዩት ግን በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆኑን እወቁ፦ በ1719 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ደብድበው አፈረሱት፣ ከ1912 እስከ 1932 ተመልሶ ተገነባ። ለፎቶ ጧት በጣም ማለዳ ወይም አመሻሽ፤ እኩለ ቀን ላይ የአውቶቡስ መንገደኛ ይሞላዋል። በማግስቱ ምንም አትያዙ። ልብስ እጠቡ፣ ተኙ።

ወደ ምሥራቅ በምትሻገሩበት ቀን ኡርኸርት በሎክ ነስ ዳር መንገዳችሁ ላይ ነው። በ1692 ጥለውት የወጡት ወታደሮች ያኮባውያን (ከዙፋን የወረደው የንጉሥ ጄምስ ደጋፊዎች) እንዳይዙት በባሩድ አፈንድተውት ሄዱ፤ ተሰንጥቆ የወደቀው የበሩ ግንብ ዛሬም እንደወደቀ ነው። የመኪና ማቆሚያው ትንሽ ስለሆነ የጧት ሰዓት ያዙ። ያን ቀን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትነዱ ሌላ ግንብ አትጨምሩበት።

ዳኖተር ከስቶንሄቨን በእግር የሚደረስበት ገደል ላይ ያለ ፍርስራሽ ነው። በ1651 እና 52 የእንግሊዙ የክሮምዌል ጦር ሲከብበው የስኮትላንድ ዘውድና በትረ መንግሥት በድብቅ ወጥተው ኪኔፍ በምትባል የገጠር ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀበሩ። ከ200 በላይ ደረጃ ወርዶ መውጣት አለው፤ ነፋስ ሲበረታ ይዘጋል፣ ስለዚህ ጧት ሳትነሡ መክፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ በክሬግቫርና በክራትስ መካከል ምረጡ። ጊዜ ካላችሁ ክሬግቫር ይሻላል፦ ሮዝ ቀለም ያለው፣ እንደ ግንድ ወደ ላይ የተሳበ፣ በ1626 የተጠናቀቀ ግንብ ነው። ጎንደርን አይቶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በደንብ ያያል፤ ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው፣ የፋሲል ግን ግቢ ይዞ ወደ ጎን ሲሰፋ ይሄኛው በጠባብ መሠረት ላይ ክፍልን በክፍል ላይ ይደርባል። በአስጎብኚ ብቻ ስለሚገባ ቦታ አስይዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ምሽት የየግንቡን ገጽ እዩ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በብዙ የመንግሥት ግንቦች ከፍታ ላይ ያለው ድንጋይ እየተመረመረ ስለሆነ ከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሊኖር ይችላል። ለዘመናት የዘነበው ውሃ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ እያጠበ ድንጋዩን ስለሚያላላው ነው።

ስለ ክፍያው፦ ስተርሊንግ፣ ዱን፣ ኤድንብራ፣ ኡርኸርትና ኪልኸርን ሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንት ስኮትላንድ የሚባለው የመንግሥት የቅርስ ድርጅት ናቸው። ክራትስና ክሬግቫር ናሽናል ትረስት ፎር ስኮትላንድ የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ናቸው። አይሊን ዶናንና ዳኖተር በየራሳቸው ያስከፍላሉ። የአንዱ ካርድ ለሌላው አይሠራም፤ ሰዎች ገንዘብ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ለንደን ስለምትኖሩ መጀመሪያ ቦርሳችሁን ፈትሹ። የእንግሊዙ የቅርስ ድርጅት የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አባላት ከሆናችሁ በመጀመሪያው ዓመት የሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንትን ግንቦች በግማሽ ዋጋ፣ አባልነቱን ካደሳችሁ በኋላ በነጻ ትገባላችሁ። የእንግሊዙ ናሽናል ትረስት ካርድም በስኮትላንዱ ትረስት ቦታዎች ይሠራል። ምንም ከሌላችሁ የመጀመሪያው ድርጅት ለጎብኚ የሚሸጠውን የብዙ ቀን ካርድ ከአራቱ ቲኬቶች ድምር ጋር አስሉት።

ድንኳኑን «የ2 ሰው» ተብሎ የተጻፈበትን አትግዙ፤ ያ ማለት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚያስተኛ ብቻ ነው። በመኪና ስለምትሄዱ ክብደቱ አያሳስብም፤ የ3 ወይም የ4 ሰው፣ ፊቱ ላይ የረጠበ ጫማና ካፖርት የሚቀመጥበት በረንዳ ያለው ይሁን። የላይኛው ሸራ 3,000 ሚሊ ሜትር፣ ወለሉ 5,000 ሚሊ ሜትር የውሃ ግፊት የሚችል ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት መናፈሻ ሄዳችሁ ሁለት ጊዜ ትከሉት፤ ካስማ የጎደለው እዚያ ይታወቅ።

ስትተክሉ ጠባቡን ጫፍ ወደ ነፋሱ፣ በሩን ከነፋሱ ወዲያ አድርጉ። ሜዳው ጎድጎድ ያለበት ቦታ ጧት ለጥ ያለ ቢመስልም ሌሊት ኩሬ ይሆናል፤ ወጣ ያለውን ምረጡ። ካስማው አናቱ ወደ ውጭ አዘንብሎ እስከ አንገቱ ይግባ፤ አውታሮቹን ሁሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እሰሩ፣ ሲዘንብ ለማሰር መውጣት ይከብዳል። ናይለን ሲረጥብ ይላላል። ከመተኛታችሁ በፊት አውታሩን እንደገና ካልወጠራችሁ የላይኛው ሸራ ከውስጡ ጋር ይነካካና ውሃ ይገባል፤ ከዚያ «ድንኳኑ አፈሰሰ» ተብሎ ዕቃው ይወቀሳል። ጧት በውስጥ የምታዩት ጠብታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝናብ አይደለም፣ የሁለታችሁ ትንፋሽ ነው። የአየር ማስገቢያውን ብርድ ብላችሁ አትዝጉት።

ብርዱ ከላይ ይልቅ ከሥር ነው የሚመጣው። ብዙ ባልና ሚስት ትልቅ ባለ ሁለት ሰው የአየር ፍራሽ ይገዛሉ፤ ውስጡ ያለው ሰፊ አየር ሙቀታችሁን ወደ መሬት ይወስደዋል፣ አንዱ ሲገለበጥም ሌላው ይነሣል። ሁለት የተለያየ፣ ሙቀት የመያዝ ደረጃው 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍራሽ ግዙ። የመኝታ ከረጢቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ዝቅ ያለውን ሳይሆን «ምቾት» የሚለውን አንብቡ፣ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ዚፕ የሆነ አንድ ዓይነት ከረጢት ብትገዙ ይገጣጠማል። ጋቢውን ያዙት፤ ግን ለድንኳን ውስጥ ብቻ። ጥጥ አንዴ ከበሰበሰ በዚያ እርጥብ አየር ቀናት ቢቆይ አይደርቅም። ለውጭ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላዩ ዝናብ የሚከላከል ጃኬትና ሱሪ።

ከዝናብ ይልቅ የምታማርሩት ትንኝ ነው። ሃይላንድ የሚባለው የስኮትላንድ ደጋ ትንኝ ክንፉ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም (በፈረንጅ) አለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳል፣ ምዕራቡ ደግሞ ከምሥራቁ እጅግ ይከፋል። የሚነክሱት ሴቶቹ ናቸው፤ አንዷ ስትነክስ የምትለቀው ጠረን ሌሎቹን ስለሚጠራ አንዷን ስታዩ ሺህ መጣ ማለት ነው። ደካማ ጎኑ ነፋስ ነው፦ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ መብረር ይከብደዋል። ስለዚህ ግሌንኮ ላይ ከዛፍ ሥር፣ ከረግረግ ዳር ወይም ከነፋስ የተከለለ ጥግ አትስፈሩ፤ «የተከለለ ነው» የተባለው ቦታ የትንኝ ቤት ነው። ባሕሩን ወደሚያይ ገላጣ ጠጋ በሉ። 20 በመቶ አይካሪዲን የተባለ ትንኝ ማባረሪያ ያለበት ቅባት ይበቃል፤ ዲት የተባለው ሌላው ማባረሪያ ያለበት የፕላስቲክ መነጽርንና የድንኳን ዕቃን ስለሚያቀልጥ እዚህ አይመከርም። የፊት መረብ ለየአንዳንዳችሁ ከ10 ፓውንድ በታች ነው፤ ሁለት ግዙ፣ አንድ ተካፍሎ አይሆንም። ነጣ ያለ ልብስ ይሻላል። አመሻሽና ጎህ ሲቀድ የድንኳኑ ዚፕ ሁልጊዜ የተዘጋ ይሁን።

ከሣርና ከፈርን ውስጥ ከወጣችሁ ማታ ማታ መዥገር ፈልጉ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የፀጉር ሥር። ቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳትጠመዝዙ ሳቡት። ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም ክብሪት አይነካው። ከ3 ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ በነከሰው ቦታ ቀይ ክብ እየሰፋ ከመጣ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ ላይም የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጾሙ ግን ከምታስቢው ይቀላል፤ የእኛ የጾም ምግብ ለድንኳን የተፈጠረ ነው። እንጀራውን ከለንደን ይዛችሁ ብትሄዱ ላስቲክ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የመጀመሪያ ሁለት ቀን የሚበላውን ብቻ ያዙ፤ ሌላውን ድርቆሽ አድርጋችሁ በደረቅ ዕቃ ክደኑት። ለሁለት ሰው 80 ግራም ሽሮ፣ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ዘይትና ቀድሞ ደርቆ የተጠበሰ ሽንኩርት፤ ድርቆሹን እዚያው ጨምሮ ፍርፍር ማድረግ ነው፣ የሚታጠበው አንድ ድስት ብቻ። በሶ ምድጃ እንኳ አይፈልግም። ቆሎ ኪሳችሁ ይኑር። ግንብ ውስጥ ባለ ካፌ ሾርባው አትክልት ቢመስልም ክሬም ወይም ቅቤ ይገባበታልና «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን እዘዢ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ደረጃ የሚበዛበትን ግንብ ጧት አድርጉት፣ ከምሳ በፊት ያለውን መንዳት ባለቤትሽ ይያዘው።

ለጋዙ፣ ነፋስ በሌለበት አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 15 ግራም ገደማ ይፈጃል። 230 ግራም ቆርቆሮ ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ይሄዳል፤ ነፋስ ካለ ግን ያን ያህል አትቁጠሩ። ሁለት ያዙ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ዝናብ ሲጥል ከሰል አቀጣጥሎ ቡናውን ድንኳን ውስጥ ወይም በረንዳው ላይ ማፍላት ያምራል፤ አታድርጉት። ከሰል ሲነድ ብቻ ሳይሆን አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ለሰዓታት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ድካም ነው ብሎ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። በካምፕ በዚህ ጋዝ ከሞቱ ሰዎች ብዙዎቹ ማሞቂያ ብለው ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገቡ ናቸው። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ደወል ያዙ፤ እሱም ቢኖር ምድጃው ውጭ ነው። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ሂዱ፤ ጀበናውንም ተዉት፣ ክብ ታቹ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ አይቆምም። ጠፍጣፋ ታች ያለው የብረት ማንቆርቆሪያ ይሠራል።

መንገዱ ላይ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ቦታዎች ይገጥሟችኋል። ከፊት መኪና ሲመጣ ማሳለፊያው በግራችሁ ከሆነ ግቡበት፤ በቀኛችሁ ከሆነ ትይዩ ቆማችሁ ያኛው እንዲገባ ጠብቁ፣ ወደ ቀኝ አትሻገሩ። ከኋላ የተከተላችሁ ካለ አሳልፉት፤ ማሳለፊያው ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። የመጠጡ ወሰን ከለንደን ዝቅ ያለ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም፣ እንግሊዝ 80 ሲሆን። ባለቤትሽ ውስኪ መቅመስ ካማረው የሚነዳው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ መስመር ይጠፋል።

በዚህ ሳምንት በዚህ ቅደም ተከተል ያዙ፦ መጀመሪያ የሦስቱን ሰፈር የድንኳን ቦታ፣ በተለይ ግሌንኮን፣ ነሐሴ የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ የእንግሊዝ ቤተሰብ ሁሉ ወደዚያ ይወጣል። ቀጥሎ የኤድንብራን የጧት ቲኬት፣ ከዚያ ኡርኸርትንና ክሬግቫርን። አይሊን ዶናንና ዱን በዕለቱ ይደርሳሉ። ድንኳኑን ቅዳሜ መናፈሻ ወስዳችሁ ትከሉት፤ ካስማ የሚመታውና አውታር የሚያስረው ማን እንደሆነ እዚያው ተስማሙ።